የማያዳልጥ ጫማ

የወለል ሴራሚክ እሸጣለሁ። ደንበኛ ሱቄ ገብቶ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ዋጋውን ይመስላችሁ ይሆናል፤ አይደለም። «ያዳልጣል?» ነው የሚለኝ። ሽማግሌውም ያንኑ፣ ሙሽራዋም ያንኑ። ወንድ ሲጠይቀኝ አንዱን አውርጄ ውሃ ጠብ አደርግበትና «በጣትህ ሞክረው» እላለሁ፤ አለቀ። ሴት ስትጠይቀኝ ግን እጄ ሴራሚኩ ላይ እንዳለ ዝም እልና ፊቷን አያለሁ። ሱቅ የምታግዘኝ የአጎቴ ልጅ «አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ላይ እያፈጠጥሽ ነው ዕቃ የምትሸጪው?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ምን ላድርግ፣ አመል ሆኖብኛል። ያመጣሁት ደግሞ ከስምንት ዓመቴ ነው።

አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበር። ጀልባ አልነበረውም፤ እስከ ጭኑ ወንዝ ውስጥ ገብቶ፣ ቆሞ ነው መረቡን የሚጥለው። ለዚሁ ሥራ ጥቁር የጎማ ቦት ነበረው፤ ለሱ ጭኑ ድረስ፣ ለኔ አንገቴ ድረስ የሚደርስ። የወንዙ ወለል ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ደግሞ አረንጓዴ ዝልግልግ ለብሷል። ጎማ እዚያ ላይ ሲያርፍ ሳሙና እንደ መርገጥ ነው። ስንቱ አጥማጅ ወድቆ መረቡን ለውሃ አስረክቦ ተመልሷል፤ አንዱማ ጭራሽ ሳይመለስ ቀርቷል። የአባቴ ዘዴ ሱፍ ነበር። የሚሸመነው ሱፍ አይደለም፤ ተጠቅጥቆ ተጠቅጥቆ የጣት ውፍረት ያወጣው፣ በርኔጣ የሚሠራበት ዓይነት ግራጫ ሱፍ። እሱን በሶሉ ልክ ይቆርጥና ከቦቱ ሥር ይለጥፈዋል። «ጎማ ድንጋዩን ይረግጠዋል፤ ሱፍ ግን ያቅፈዋል» ይለኝ ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ አንዴም ወንዝ ጥሎኝ አያውቅም ብሎ ይፎክራል። ሲፎክር ደስ ይለኝ ነበር።

ሱፉን ድንጋይ ስለሚበላው በየጥቂት ወሩ ይቀየራል። ያ ቀን የኔ ቀን ነበር። አባቴ ደጃፋችን ላይ በርጩማውን አውጥቶ ይቀመጣል፣ እኔ ከጉልበቱ ሥር። ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም፤ ከሥሩ ስለማልጠፋ «ሙጫ» ነበር የሚለኝ። አሮጌውን ሱፍ በጉጠት ይገነጥላል፣ ጎማውን በሞረድ ይፍቃል፣ በቤንዚን ይጠርጋል። ከዚያ የማስቲሹ ቆርቆሮ ይከፈታል። ያ ሽታ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል፤ ፈረዱብኝም አልፈረዱብኝም ደስ ይለኛል። ጎማውንም ሱፉንም ይቀባና እጁን አጣምሮ ይቀመጣል።

«በሌባ ጣትሽ ንኪው፣ ሙጫ። ያዘሽ?»

«ያዘኝ!»

«እንግዲያው ገና ነው።»

እንጠብቃለን። ሰው ያልፋል፣ ሰላም ይለናል፣ ውሻ ያሸተናል።

«አሁንስ?»

«አልያዘኝም።»

«አየሽ? ጣት መያዝ ሲተው ነው ሱፍ የሚይዘው። ማስቲሹን ያልጠበቀ ሰው፣ እሱን ውሃ ይጠብቀዋል።»

ከዚያ በኋላ ነው ሱፉ ከተረከዙ ጀምሮ የሚለጠፈው፤ በመዶሻ ቀስ ቀስ ተደርጎ ተመትቶ፣ ድንጋይ ተጭኖበት አንድ ቀን ሙሉ ያድራል። ጭራሽ መንካት የለም። እኔ ድንጋዩ አጠገብ ዘብ እቆም ነበር፤ ማን እንደሚነካው እግዜር ይወቅ።

ከወንዝ ሲመለስ ቦቱ በር ላይ ይሰቀላል፣ ከሥሩ ጣሳ ይደረጋል፣ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ይውላል። አንድ ቀን «አባዬ፣ ይሄ ቦት መቼ ነው የሚደርቀው?» አልኩት። በአውራ ጣቱ ሱፉን ጫን አለው፤ ውሃው በጣቱ ዙሪያ ፊጭ ብሎ ወጣ። «ይሄ ትናንት ጠዋት የጠጣው ነው። ሁለት ቀን ይይዘዋል። ሱፍ ሐቀኛ ነው ልጄ፤ የጠጣውን አይደብቅም» አለኝ። እኔም በአውራ ጣቴ ጫን ብዬ አየሁ። እውነቱን ነበር።

ጥሩ አስተማሪ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ፊቱን ያጨማድድብኛል፤ ያጨማድድ። ክፉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩን ለመረዳት መች ይቸግረኝ ነበር?

አሁን ወደ እናቴ ልምጣ። እናቴ ዓሣውን አጥባ፣ ቅርፊቱን ፍቃ፣ ለምግብ ቤቶች የምታደርስ ሴት ነበረች። ቀኑን ሙሉ በእግሯ ናት። የምትጫማው ጠንካራ ጥቁር ጫማ ነበራት፤ ቶሎ እንዳያልቅ ተረከዙ ላይ ብረት አስመትታበታለች። የቤታችን ወለል ሊሾ ነው፤ ሲሚንቶው እስኪያብረቀርቅ የተለሰነ። ስትመጣ ቋ ቋ ቋ ይላል። ከአልጋዬ ሳልነሳ የት ክፍል እንዳለች አውቅ ነበር። አባቴ ጎህ ሳይቀድ ስለሚወጣ ከሰዓት በኋላ ይተኛል፤ እሱ ሲተኛ ቤቱ ውስጥ ማሳል እንኳ በፈቃድ ነው። «ጭንቅላቴ ላይ እኮ ነው የምትራመጂው!» ይላል ከመኝታ ቤት። እኔ እስቃለሁ። እናቴ ጭንቅላቱ ላይ ቆማ ስትራመድ ይታየኛላ።

እናቴን ግን ያዳልጣት ነበር። ሌላ ቦታ አይደለም፣ እዚያው ቤታችን ውስጥ። አንድ ጠዋት ከንፈሯ አብጦ አገኘኋት፤ «አዳለጠኝ» አለችኝ። ሌላ ጊዜ ጎኗን ይዛ መጎንበስ አቅቷት፣ «ሊሾው ነው፣ አዳለጠኝ»። አንድ ጊዜ ደግሞ ዓይኗ ዙሪያው ጠቁሮ፣ «ሲያዳልጠኝ በሩ አገኘኝ»። አባቴ ያን ሁሉ ዝልግልግ ድንጋይ እየረገጠ ሃያ ዓመት ሳይወድቅ፣ እሷ ደረቅ ቤት ውስጥ ትወድቃለች። በዓለም ላይ እንደ እናቴ ወዳቂ ሴት ያለች አይመስለኝም ነበር። እውነቱን ልናገር አይደል፤ ትንሽ አፍርባትም ነበር።

ግድግዳ የምንጋራት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የመለኪያ ሜትሯ ከአንገቷ የማይወርድ፣ አፏ እንደ መቀሷ የሆነ ሴት። አንድ ቀን በራችን ላይ ቆማ እናቴን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ዛሬም አዳለጠሽ?»

«ሊሾው ነው እባክሽ።»

«ይሄ ሊሾ እጅ አወጣ እንዴ?»

«ተይ፤ ልጅ አለች» አለች እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ልጅማ አለች! ልጅ ስላለች አይደል የምለፈልፈው? ወንድምሽ ጋ አንድ ቃል ብትልኪ ምን አለበት?»

«አንቺ አታውቂም።»

«ግድግዳው ቀጭን ነው እህቴ። አውቃለሁ።»

ግድግዳው ከወለሉ ጋር ምን እንዳገናኘው አልገባኝም። የእጁ ነገር ግን ሆዴ ገባ። እናቴ ወጥታ ስትሄድ ወለሉ ላይ በሆዴ ተኝቼ ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሳጥኑ ሥር ተመለከትኩ። እጅ የለም። አንድ ቁልፍ አገኘሁ፤ የእናቴ ሸሚዝ ላይ የጎደለውን፣ ክሩ ሳይቀር አብሮት የተቦጨቀ። ወስጄ ሰጠኋት፤ «ጎበዝ» ብላ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ስለዚህ ነገሩን በራሴ ፈታሁት። ወለሉ ክፉ ነው። ወለሉን መቀየር አልችልም። ጫማውን ግን እችላለሁ።

አባቴ ሱፍ የሚቀይርበትን ቀን በጉጉት ጠበቅሁ። ሲጨርስ ከጉልበቱ ሥር የወደቀውን ትርፍራፊ እየሰበሰብኩ «አባዬ፣ ይሄን ልውሰደው?» አልኩት።

«ምን ያደርግልሻል?»

«ለአሻንጉሊቴ ጫማ።»

የመጀመሪያ ውሸቴ ነበር። ለምን እንደዋሸሁ እንኳ አላውቅም፤ እናቴን በድንገት ላስደንቃት ብዬ ይሆናል። አባቴ ሳቀ፣ ሰፋ ያለ ቁራጭ ጨመረልኝ፣ ቆርቆሮው ሥር የቀረውን ማስቲሽም ሰጠኝ። «ሳትጠብቂ እንዳትለጥፊ» አለኝ። ያን ሱፍ በገዛ እጁ መርጦ የሰጠኝ እሱ ነው።

እናቴ ሌላውን ጫማዋን አድርጋ በወጣችበት ቀን ሥራ ጀመርኩ። ብረቱን በጉጠት ነቀልኩ፤ እጄ ተላጠ፣ ግድ የለም። ሶሉን በሞረድ ፋቅሁ፣ በቤንዚን ጠረግሁ። ሱፉን በጫማው ልክ ለመቁረጥ የልብስ ሰፊዋን መቀስ ተዋስኩ። ቀባሁ። ጠበቅሁ። ሌባ ጣቴን ያዘኝ፣ ጠበቅሁ፤ ደግሞ ያዘኝ፣ ደግሞ ጠበቅሁ። ሲተወኝ ለጠፍኩ፣ በመዶሻ ቀጠቀጥኩ፣ የበር ማስደገፊያውን ድንጋይ ጫንኩበት፣ አልጋዬ ሥር ደበቅሁት። እናቴ ያን ጫማ ፈልጋ ቤቱን ስታገለባብጥ ትንፍሽ አላልኩም። በማግሥቱ ይዤላት ቀረብኩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ከእንግዲህ አያዳልጥሽም፣ እማዬ።»

ጫማውን ገልብጣ አየችው። በጣቷ ጠርዙን ዳሰሰችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ሻሿን ሳብ አድርጋ አፏን ሸፈነችና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እየሳቀች ነው ብዬ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። እጄን እያጨበጨብኩ ነው የሳቅሁት። ያ ሳቄ ድንገት ትዝ ሲለኝ፣ ዛሬም፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ አፌን በመዳፌ እሸፍናለሁ።

አደረገችውና ቤቱን ዞረችው። ድምፅ የለም። ቋ የለ፣ ምን የለ፤ እንደ ድመት። ኩራቴን ምን ብዬ ልንገራችሁ። ሦስት ቀን አልወደቀችም። አራተኛውንም ቀን አልወደቀችም። ጠዋት ጠዋት ፊቷን አያለሁ፣ ደህና ነው፤ «የኔ ሥራ ነው» እላለሁ በልቤ።

በአምስተኛው ቀን አሥር ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ልብስ ሰፊዋ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና ደጃችን ላይ ቆማለች። ስታየኝ አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። እሷ ዝም ስትል ያን ቀን ነው ያየሁት። አባቴ እናቴን ደግፎ ወጣ። ግራ ክንዷ በፎጣ ተጠቅልሎ መታጠፍ በማይገባው በኩል ታጥፏል። ፊቷ አመድ መስሏል። እሱም አመድ መስሏል።

«እናትሽ ወደቀች» አለኝ። «ቦርሳሽን አስቀምጪና ነይ።»

ወደቀች? እንዴት ትወድቃለች?

ጤና ጣቢያው ድረስ በእግር ሄድን። አባቴ በደህናው ክንዷ በኩል ይዟታል፣ ጉድጓድ ሲያገኙ «ቀስ፣ እዚህ ጋ ቀስ» ይላታል። የሚያገኘን ሰው «ምነው? ምን ሆና ነው?» ሲል እሱ «አዳልጧት» ይላል። ሰዉ ከንፈሩን ይመጥጣል። እኔ ከኋላ ከኋላ እየሄድኩ ዓይኔን ከእናቴ ሶል ላይ አልነቀልኩም። እግሯ በተነሣ ቁጥር አያለሁ። ተላቀቀ? አልተላቀቀም። ጠርዙ ተነሣ? አልተነሣም። ታዲያ የቱ ጋ ነው ያጠፋሁት? ማስቲሹን ቸኮልኩበት? ቤንዚኑ አነሰ? እናቴን የሰበርኳት እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ። የስምንት ዓመት ልጅ ሲያምን ደግሞ ግማሽ አያውቅም፤ እስር ቤት የሚወስደኝን ሰው ነበር ከወዲያ ከወዲህ የምጠብቀው።

ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አልኮል የሚሸት። ሲስተሯ አጠር ያለች፣ መነጽሯን በክር ከአንገቷ ያንጠለጠለች ሴትዮ ናት። እናቴን አልጋው ላይ አስቀመጠቻት።

«ምን ሆነሽ ነው የኔ እናት?»

«አዳልጦኝ።»

ሲስተሯ ካርዱን ገልጣ አየች። «ባለፈውም አዳልጦሽ ነበር።»

«አዎ።»

«ከዚያ በፊት ደግሞ በር።»

«አዎ።»

ፎጣውን ቀስ ብላ ፈታችው። ከክርኗ በላይ አራት ሰማያዊ ነጠብጣብ በተርታ ተቀምጧል። እኔ ቆጠርኩት፤ ያኔ ያየሁትን ሁሉ እቆጥር ነበር። ልብስ ሰፊዋ ትዝ አለችኝ። ለካ እውነቷን ነው፣ ሊሾው እጅ አለው፣ አልኩ። እንደዚያ ነበር የሚገባኝ፤ ምን ታደርጉታላችሁ።

«የት ላይ ነው የወደቅሽው?» አለች ሲስተሯ። «ሰውነትሽ የቱ ጋ ነው ያረፈው? እስቲ ንገሪኝ።»

እናቴ መሬት መሬት ታያለች። ከኋላዬ አባቴ ነው የመለሰው።

«ጥፋቱ የዚህች ነው፣ ሲስተር።» መዳፉ አናቴ ላይ አረፈ፤ ትኩስና ከባድ። ትንሽ ሳቅ እንደ ማለት አለ። «እናቷ ጫማ ላይ ሱፍ ለጥፋ ነው። እናቷ ወለሉን ወልውላ፣ ገና ሳይደርቅ ስትራመድበት ሱፉ ሸርተት አደረጋት። ልጅ ናት፣ ምን ይደረጋል።»

ጥፋተኛ ማድረጉ አይደለም ያስደነገጠኝ፤ ጥፋተኛነቴንማ ራሴም አምኜ መጥቻለሁ። እርጥብ ወለል ላይ ሱፍ አዳለጠ ማለቱ ነው! አባቴ! ወንዝ ውስጥ ሃያ ዓመት ሱፍ ያቆመው ሰው!

ወለሉ ላይ ተንበረከክሁ፣ የእናቴን ጫማ ከእግሯ መዘዝኩት፣ ገለበጥኩት፣ እሱ እንዳስተማረኝ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ደግሞ ጫን አልኩት። ምንም የለም።

«ደረቅ ነው!» አልኩ። ድምፄ ጣራውን ነካው። «አባዬ፣ ደረቅ ነው፣ እየው! ሱፍ የጠጣውን አይደብቅም ብለኸኝ የለ? ወለሉ እርጥብ ቢሆን እስከ ነገ ያንጠባጥብ ነበር! ደግሞም አልተላቀቀም፣ ጠብቄ ነው የለጠፍኩት፣ ጣቴን እስኪተወኝ ጠብቄ! እማዬን የጣላት የኔ ጫማ አይደለም! ሲስተር፣ ንኪው! እባክሽ ንኪው!»

ሲስተሯ ጫማውን ተቀበለችኝ። መነጽሯን አደረገች። በአውራ ጣቷ ሱፉን ጫን አለችውና ጣቷን አየችው፤ ከዚያ የእናቴን ክንድ አየች፤ ከዚያ ካርዱን። ጫማውን መልሳ ሰጠችኝ።

እኔ አባቴን እጠብቃለሁ። «እውነትሽን ነው ሙጫዬ፣ ተሳስቻለሁ» እስኪለኝ። ቀና ብዬ አየሁት። ያን ፊት አላውቀውም ነበር። የማላውቀው ሰው የአባቴን ኮት ለብሶ የቆመ ነው የመሰለኝ።

«ዝም በይ» አለኝ በቀስታ፣ ክንዴንም ያዘኝ። ከክርኔ በላይ።

ያኔ እናቴ ቀና አለች።

«እጅህን ከልጄ ላይ አንሣ።»

እንደዚያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ጮክ አላለችም። ቤታችን ውስጥ በዚያ ድምፅ የሚናገር ሰው አልነበረም።

«ምን አልሽ?»

«አንሣ አልኩህ። በኔ የፈለግኸውን አልክ፣ ቻልኩ። በሷ አታላክክም።» ወደ ሲስተሯ ዞረች። «አላዳለጠኝም፣ ሲስተር። ዛሬም አላዳለጠኝም፤ ያን ቀንም አላዳለጠኝም። አንድም ቀን አዳልጦኝ አያውቅም።»

አንድም ቀን? ከንፈሩስ? ጎኑስ? በሩስ? እነዚያን ሁሉ መውደቆች አንድ በአንድ አሰብኩ። ታዲያ ካልወደቀች… ወደ ክንዴ ተመለከትኩ። የአባቴ እጅ አሁንም እዚያው ነው። አራት ጣት ከፊት ለፊት በተርታ። ማስቲሽ ከጥፍሩ ሥር አለ። ቆጠርኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። የእናቴን ክንድ አየሁ። እንደገና ቆጠርኩ።

ጮኸሻል ይሉኛል። እኔ አላስታውስም። የማስታውሰው ሲስተሯ በሩን ከፍታ «ዘበኛ!» ስትል፣ አንድ ደልደል ያለ ሽማግሌ ዱላውን ይዞ ሲገባ፣ አባቴም ሳይከራከር እጁን ሲያነሣ ነው። ሊወጣ ሲል ዞር አለ። እናቴን አላየም፣ እኔንም አላየም። በእጄ የያዝኩትን ጫማ ነው ያየው፤ የአዋቂን ሥራ እንደሚመረምር ሰው። ከዚያ ወጣ።

ወደዚያ ቤት አልተመለስንም። ልብስ ሰፊዋ ማንም ሳይልካት አጎቴ ጋ ደውላ ኖሯል፤ በማግሥቱ ጠዋት በጭነት መኪናው ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆመ። የእናቴ ክንድ ታሽጓል። እኔ ጫማውን አልሰጥም ብዬ ስላስቸገርኩ እናቴ መኪናው ላይ የወጣችው አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ ነው። አባቴን ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ብቻ አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛውን በሬሳ ሳጥን።

ይህንን ታሪክ እኔ ለራሴ ስነግረው አንድ መልክ ነበረው። የሠራሁት ጫማ እናቴን አዳናት። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በዚያ ስኮራ ኖርኩ፤ ልክ ያን ሰሞን አራት ቀን እንደ ኮራሁት።

አሁን እናቴ ከኔ ጋር ናት። ሱቁ ጥግ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ገቢ ወጪውን ስታማ ትውላለች። ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ሴት ገብታ «ያዳልጣል?» አለችኝ። እንደ አመሌ ፊቷን አየሁ፤ ደህና ነበረች፤ መርጣ ሄደች። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ በዕድሜዬ ጠይቄያት የማላውቀውን ጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ያን ቀን ምን ሆኖ ነው?»

የቱን ቀን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

«ተኝቶ ነበር» አለች። «ፎጣ ፈልጌ ገባሁ። ዓይኑን ሲገልጥ ራስጌው ቆሜያለሁ። ስገባ አልሰማኝም፤ ጫማው ድምፅ የለውማ። ‹እንደ ሌባ እያደባሽ ነው› ብሎ ዘሎ ተነሣ። በቃ።»

እጄ ላይ የነበረው ሴራሚክ ወድቆ ሁለት ሆነ። የአጎቴ ልጅ ከጓዳ ብቅ አለች፣ ፊቴን አየችና መልሳ ገባች። ስለዚህ እውነቱን ነበር ማለት ነው? ሲስተሯ ፊት፣ እጁን አናቴ ላይ ጭኖ፣ «ጥፋቱ የዚህች ነው» ሲል? ክንዷን ያስሰበርኩት እኔ ነኝ? ያ እጄ እስኪላጥ የደከምኩበት፣ ጣቴን እስኪተወኝ የጠበቅሁት?

«እኔ ነኛ» አልኩ። ድምፄ የልጅ ሆነብኝ። «ሱፉ ነዋ እማዬ። እኔ ነኝ።»

እናቴ አየችኝ። ትልቅ ሴት ሆኜ፣ ሱቅ ከፍቼ፣ እንደዚህ ሞኝ መሆኔ የወለደችኝን ራሷንም የደነቃት ትመስላለች።

«አንቺ ደግሞ! ሱፉን ከመለጠፍሽ በፊት በነበረው ሳምንት እኮ ‹ጫማሽ ተንኳኳ፣ እንቅልፍ ነሳሽኝ› ብሎ ነው የመታኝ።»

እሷ ጎንበስ ብላ በጤነኛው እጇ የሴራሚኩን ስብርባሪ መልቀም ጀመረች። ልከለክላት ስል እጄን ገፋ አደረገችው።

«ጫማው ግን ጥሩ ጫማ ነበር» አለች። «ስድስት ዓመት ተጫምቼዋለሁ። አንዴም አላዳለጠኝ።»